ሙሾ ያለበት ሸክላ

ጡሩንባና ከበሮ ያለበት ሸክላ የተዘፈነ ዕለት በማግስቱ ጦር ይወጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ልብስ ስተኩስ በጆሮዬ የደረስኩበት ነው። የጣልያኑ ጦር ካፒቴን ከምሳ በኋላ ወንበሩን በረንዳ ላይ ያስወጣና ያንን አፉን እንደ ዱባ አበባ የከፈተ ግራማፎን እጀታውን ይዞ ይጠመዝዘዋል። እኔ ከበረንዳው ጎን ባለችው ዳስ ውስጥ ሸሚዙን ዘርግቼ የከሰል ካውያዬን እገፋለሁ። ጡሩንባው ሲጀምር መሸሽ ያምረኛል። እጄ ግን ሀፍረት የለውም፤ ከከበሮው ጋር እኩል ይሄዳል። ባሌን የሚያሳድዱ ሰዎችን ልብስ በራሳቸው ከበሮ ምት እየተኮስኩ መሆኔ ሲገባኝ፣ «አንተ እጅ፣ ነውር አታውቅም?» እለው ነበር። አያውቅም። ከበሮው እስኪያልቅ ይሄዳል።

ቡሬ ነው ይህ፣ በጣልያን ጊዜ። ባሌ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ለሰው የምንለው ግን «ለንግድ ወለጋ ተሻግሮ መንገድ ተዘጋበት» ነው። ቡሬ የነጋዴ አገር ናት፤ ዓባይን ተሻግሮ የዘገየ ነጋዴ ብርቅ አይደለምና የጠየቀን ሁሉ «አይዟችሁ» ብሎን ያልፋል። ጫካ ውስጥ ባሌን የሚጠሩት በፈረስ ስሙ ነበር። ጣልያኖችም ያንኑ የፈረስ ስም ሰምተው ያሳድዱታል እንጂ የማን ልጅ፣ የማን ባል እንደሆነ አያውቁም። ያወቁ ዕለት ቤታችን ይቃጠላል፤ እኔና አማቴም ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ላይ እንሰቀላለን። ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ የተቃጠለ ጎጆ ስናይ ሌላው ሰው ቆም ብሎ ያዝናል፤ እኛ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን እንሮጣለን። የራሳችንን ቤት ያየን ይመስለን ነበር።

ካፒቴኑ ቤት የገባሁት ወድጄ አይደለም። ጭቃ ሹሙ «ልብስ አጣቢ ሴት አምጣ» ተብሎ ታዘዘና ጣቱ እኔ ላይ አረፈ። እምቢ ብል «ምን የምትደብቀው ነገር አላት?» መባል ይመጣል። ቤት ገብቼ ሳለቅስ አማቴ፣ «ሂጂ ልጄ። ጅብ የሚፈራ ሰው ጅቡ ዬት እንዳደረ ማወቅ አለበት» አሉኝ። እሳቸው በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ የሚውሉ ሴት ናቸውና ምላሳቸው አያንስም። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋ ሲከተላት ‘ማነህ?’ ትላለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የሰው ልጅ ሲፈራ ጆሮው ያድጋል። የካፒቴኑን ሸክላዎች አንድ በአንድ የለየሁት በዚያ በሚያድግ ጆሮ ነው። አንዲት ሴት አለች፣ ስሟንም ቋንቋዋንም አላውቅ። መጀመሪያ የሰማኋት ዕለት ሰው እየገደላት መስሎኝ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ገዳይም ሟችም የለም። ተመልሼ ሳይ ሸሚዙ ክሳዱ ላይ ጠቁሯል፤ ለዚያ በጥፊ ተመታሁ። የሴትዮዋ ድምፅ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንስ በቃ፣ እዚህ ላይ ትበጠሳለች ስል ደግሞ ሌላ መወጣጫ ታገኛለች። ከዚያ ከላይ ሆና ቀስ እያለች ስትወርድ እኔም የያዝኩትን ትንፋሽ እለቀዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደድኳት። የወደድኳት ግን ስለ ድምፅዋ ብቻ አይደለም። እሷ የዘፈነች ቀን ካፒቴኑ አገሩ ይናፍቀዋል፤ አገሩ የናፈቀው ቀን ደግሞ ማንንም አያስገርፍም። የማላውቃት ሴት ባሕር ማዶ ሆና ስለ እኛ የምትጮህልን ይመስለኝ ነበር።

የጭፈራው ሸክላ እንግዳ ያለ ቀን ይወጣል። አኮርዲዮን የሚሉት ሳንባ ያለው መሣሪያ ነው፤ ዜማው እንደ ሰካራም ይሽከረከራል። ለብቻው ቢሆን አልጠላውም፣ ትከሻ ያስነቃል። ግን እንግዳ ከጠጣ በኋላ ሴት ይፈልጋል። እሱን የሰማሁ ዕለት ፊቴን በከሰል ጥላሸት አበላሽቼ፣ ወገቤን እንዳመመው ሰው ይዤ፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ከግቢው እወጣለሁ።

ሌላው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ከበሮ የለው፣ ጸናጽል የለው፣ ወንዶች በአንድነት የሚያዜሙት ከምድር በታች የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ደስ አለኝ፤ አማተብኩ። ከዚያ ደግሞ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁና የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «የእግዜር ስም ካለበት ስሚ፣ ከሌለበት ካውያሽን ግፊ» አሉኝ። እሳቸው ይቀልዱ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ያ ሸክላ የሚዘፈነው ሰው ከተረሸነ በኋላ ነው። ጠዋት ከምሽጉ በስተጀርባ ጥይት ይሰማል፤ ከምሳ በኋላ ካፒቴኑ ቁጭ ብሎ እነዚያን ወንዶች ያስዜማቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማማተቤን ተውኩና የማን ነፍስ እንደሆነ ሳላውቅ «ነፍስ ይማር» ማለት ጀመርኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን ዜማ የለውም። አንድ ሰው ይስቃል፤ አለቀ። መጀመሪያ ፍርፍር ይላል፣ ቀጥሎ ይንከተከታል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። የሚያስቀው ነገር ምን እንደሆነ አይነገርም። ካፒቴኑ አብሮት ይስቅና እንባውን ይጠርጋል። በማን ነው የሚስቁት? እኔ ዳስ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ በእኔ ነው፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ አውቀው ነው የሚያጫውቱኝ እል ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ሳላየው በግድግዳ ጀርባ ሲስቅ ከሰማሁ ላብ ያጠምቀኛል።

እንግዲህ ማታ ቤት ስገባ «ዛሬ ጡሩንባ ነው» እላለሁ። አማቴ በነጋታው በማለዳ በርበሬያቸውን አንግበው ገበያ ይወርዳሉ፤ ከበርበሬ ገዢዎቻቸው አንዱ የጫካ ሰው ነው። ጡሩንባው የተዘፈነ እንደሆነ ይነግሩታል። ጦሩ ሲደርስ ጫካው ባዶ ይጠብቀዋል። ሥራችን ይህ ነበር። ጀግንነት አልነበረም፤ ስናገረው እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

አንድ ቀን አስካሪዎቹ፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ከዘመቻ ሲመለሱ ከአንድ ባላባት ቤት የዘረፉትን የሸክላ ሣጥን ይዘው መጡ። ያገራችን ሸክላ ነው፣ ከጠላት በፊት የተቀዳ። ካፒቴኑ ደስ አለው። አስተርጓሚውን አስጠራና ከጎኑ አስቀምጦ ሁሉንም በተራ እያሰማ «ምን ይላል?» ማለት ያዘ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ አማርኛው ከእኔ የማያንስ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የወጣው የክራር ዘፈን ነው፤ ወንድ ልጅ የወደዳትን ያሞግሳል። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ጸጉሬ ቆመ። ያ ግራማፎን በፈረንጅ አፍ ሲናገር ዕቃ ነበር። በአማርኛ ሲናገር ግን ሰው ሆነብኝ፤ የሚናገር ከሆነ የሚሰማም መሰለኝ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ዳስ ውስጥ ለራሴ የማጉተመትመው ሁሉ ትዝ እያለኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በገናም ነበረበት። ያ ጥልቅ ድምፅ ሲጀምር ጾም መሀል የገባሁ መሰለኝ፤ ካፒቴኑ ግን አዛጋና ግማሹ ላይ አቋረጠው። በገና ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ጸሎት ማቋረጥ ነው። አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ መሬት ሲሰድ አየሁት።

ከዚያ ሽለላ መጣ። አስተርጓሚው ምንነቱን ሲነግረው ካፒቴኑ ነቃ አለ። ሸክላውን አቆመና በግቢው የሚሠራውን ሰው ሁሉ በረንዳው ፊት አሰለፈን፤ ወጥ ቤቱን፣ እንጨት ፈላጩን፣ የበቅሎ ጠባቂውን ሽማግሌ፣ እኔን። እንደገና ከመጀመሪያው አዘፈነውና ፊት ፊታችንን ያይ ጀመር። ምን እንደሚፈልግ ወዲያው ገባኝ። እኛ አገር ሽለላ ሰምቶ እንደ ግንድ የሚቆም ወንድ የለም፤ ደም ራሱ ይነሣል። እኔ ሴት ነኝ ብዬ ተጽናናሁ እንጂ እልልታ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ወጥ ቤቱ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ሽማግሌው ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ተረከዙ ከመሬት ተነሣ፣ ዱላው ወደ ትከሻው ወጣ፣ አፍንጫው ተነፋ። ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ካፒቴኑ በጣቱ አመለከተ፤ ወሰዱት። በነጋታው ከሰዓት እነዚያ ከምድር በታች የሚያዜሙት ወንዶች ተዘፈኑ።

«እማማ፣ ሳጥኑ ገና አላለቀም፤ ምን እንደቀረበት አላውቅም» አልኳቸው አማቴን። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አትፍሪ» አሉኝ። ግራማፎን የሚባለውን እንዲያው በአፍ ነግሬያቸዋለሁ እንጂ እሳቸው ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። «ጡሩንባ» ስላቸው ሰው የሚነፋው ጡሩንባ ይመስላቸው ነበር። እኔም ሌላውን ማስረዳት አለብኝ ብዬ አላሰብኩም።

የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ከማንኩሳ በኩል የተያዙ ሰዎች ክንዳቸው ወደ ኋላ ታስሮ በከተማው መሀል አለፉ፤ ፊታቸው በደም ተሸፍኖ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አማቴ ከበርበሬ ጆንያቸው ኋላ ቆመው አይተዋል። ልባቸው በዚያ ላይ እንደቀረ ከሰዓት ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ መንገዳቸው በካፒቴኑ አጥር ሥር ነው። እኔ ዳስ ውስጥ ነኝ። ካፒቴኑ ከሣጥኑ የመጨረሻዎቹን አንዱን አወጣ፤ መርፌውን አስቀመጠ።

ሙሾ ነበር። አንዲት አልቃሽ ታወርዳለች፣ ሌሎች «ወየው» እያሉ ይቀበሏታል። የማን ለቅሶ እንደሆነ አላውቅም፣ የሆነ የጥንት መኳንንት ይመስለኛል። ሙሾ ሰምቶ አለማልቀስ ነውር ብቻ ሳይሆን ሟርትም ነው፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ አልችልም። ነጠላዬን ነክሼ ካውያውን ስገፋ በአጥሩ በኩል አንድ ጩኸት ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት።

ጠዋት የታሰሩትን አይተዋል፤ አሁን ምራታቸው ካለችበት ግቢ ለቅሶ ይሰማሉ። ምን ሌላ ያስቡ? ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ በበሩ ገቡ። ዘበኛው አልከለከላቸውም። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ እንደማይከለከል ስለሚያውቅ ቆቡን አውልቆ መንገድ ለቀቀ። በርበሬ ባለበት እጃቸው ፊታቸውን ጠርገውት ዓይናቸው ደም መስሏል። መሀል ግቢ ቆሙና ከሸክላው ድምፅ በላይ አወረዱ፦

«ቁመቱ እንደ ዝግባ፣ ደረቱ እንደ በር፣
ልጄ ወዴት አለ የቤቴ ማገር?»

በእኛ ቤት ለቅሶ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ለቁመናው፣ ቀጥሎ ለቤቱ ይለቀሳል። ከዚያ በኋላ ጀግና ከሆነ በፈረስ ስሙ ይጠራል፤ የገደለው ይቆጠራል። ሁለተኛውን ሲያወርዱ ካውያዬን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

«ቤቱ ተከፍቶ አድሯል ምድጃው ቀዝቅዞ፣
ማን ይጠይቀኛል እጄን እጄን ይዞ?»

የቀረው የፈረስ ስሙ ነው። አስተርጓሚው ከወንበሩ ተነሥቷል። አፋቸውን ብይዝ ለምን ያዘቻቸው ይባላል፤ «አልሞተም» ብል ማነው ያልሞተው ይባላል። አማቴ ለሦስተኛው ትንፋሽ ሲወስዱ እኔ ቀደምኳቸው፤ ጸጉሬን በትኜ፣ ፊቴን ነጭቼ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ አወረድኩ፦

«አሞሌውን ጭኖ በቅሎውን ነድቶ፣
ነጋዴው ጌታዬ ዓባይ ቀረ ገብቶ።»

አልቃሽ ስታወርድ አይቋረጥም። ልጇ የሞተባት እናት ብትሆን እንኳ ስንኙን የያዘችውን ትቀበላለች እንጂ በላይዋ ላይ ሌላ አታወርድም። አማቴ በእንባ መሀል ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ፣ ዓባይ ከየት መጣ ብለው መሆን አለበት፤ አፋቸው ግን ልማዱን ያውቃልና «ወየው!» ብለው ተቀበሉኝ። ትንፋሽ ሳልሰጣቸው ደገምኩ። በቅሎዎቹን አለቀስኩላቸው፣ ዓባይን ረገምኩት፣ ወለጋን ረገምኩት። በሕይወቴ ሙሾ አውርጄ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ፍርሃት አስተማረኝ።

አስተርጓሚው መጣ። «ባልሽ ነው?» አለኝ።

«አዎን ጌታዬ። መርዶውን ገበያ ላይ ሰምተው ነው የመጡት።»

«ዓባይ ነው የበላው?»

«አዎን ጌታዬ» አልኩ፤ በነጠላው ሥር የአማቴን ክንድ በጥፍሬ ጨምድጄ ይዤ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ለካፒቴኑ እኔ ከተናገርኩት የሚረዝም ነገር ነገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ያዘነልን መሰለኝ። ከዚያ መርፌውን አነሣና ሸክላውን ከመጀመሪያው አስቀመጠው። እግሩን አነባብሮ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ቀጥሉ ማለቱ ነው። ሸክላዋ ስታወርድ እኛ ተቀበልን፣ እኛ ስናወርድ ሸክላዋ ተቀበለች። እሱ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኛ እያዘነበለ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ያህል የጠላሁት ሰው ግን የለም።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና ጆሯቸው ሥር፣ «አልሞተም እማማ። ዕቃ ነው ያለቀሰው» አልኳቸው።

«ዕቃ ነው?» አሉ። «ዕቃ እንዴት ያለቅሳል?» ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደረታቸውን መቱ። «በቁሙ አለቀስኩለት! የልጄን ሙሾ በቁሙ አወረድኩ! ምን በላኝ!»

አሁን ግን መመለሻ የለም። ካፒቴኑ ያውቃል፣ ጭቃ ሹሙ ሰምቷል፤ አስተርጓሚውም ለቅሶ ሊደርስ እንደሚመጣ ነግሮናል። ባሌን ቀበርነው፤ ያለ ሬሳ። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ከል ለበስኩ። ለጎረቤት አለመሞቱን አልነገርንም፤ እነሱ እውነት አለቀሱ፤ ካባውና ጦሩ ወጥቶ በለቅሶው መሀል ዞረ። የነፍስ አባቴን ግን መዋሸት አልቻልኩም። ቀልደኛው ሰው ፊታቸው ጠቆረ። «ለቅሶው የእናንተ ነው፤ ፍትሐት ግን በቁሙ ላለ ነፍስ አላደርስም» ብለው ሄዱ። አማቴ ከፍርሃታቸው ሲነቁ የሚገርም አልቃሽ ሆኑ። ሰው ሲገባ ይንፈራፈራሉ፤ ሰው ሲወጣ ጆሮዬ ሥር «እንዴት ነበርኩ?» ይሉኛል። ወሬው ጫካ ሲደርስ ባሌ ሳቀ አሉ። «አልቅሱ፤ የሞተን ሰው ማን ይፈልገዋል?» ብሎ ላከብን። እውነቱን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ወለጋው ነጋዴ አልጠየቀንም። አማቴ የበለጠ ደፋር ሆኑ። እኔ ግን ከሉን ለብሼ ስተኛ ሰው በሐሰት የለቀሰለትን ሞት መንገድ ይመራዋል የሚሉት ነገር ከልቤ አይወጣም ነበር።

ጸጉሬ አድጎ ሹሩባ ለመያዝ ሲደርስ ያ የጫካው የበርበሬ ገዢ ልብስ ወደማጥብበት ወንዝ መጣ። ከእኔ በታች እግሩን የሚታጠብ መስሎ ተቀመጠና ቀለበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። የባሌ የብር ቀለበት ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደሚባለው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጦሩ ጋር ሲታኮስ ወድቆ፣ አንድ ደብር አጥር ሥር እንደቀበሩት ነገረኝ። «እንዳትጮኺ» አለኝ። መጮህማ እንዴት እጮኻለሁ? ባሌ ለቡሬ ከሞተ ቆይቷል። አሁን ባለቅስ ለማን አለቀሰች ይባላል። እንዶዱን ወቀጥኩ፣ የካፒቴኑን አንሶላ አሸሁ፣ አለቅልቄ ጨመቅሁ፣ ሣሩ ላይ አሰጣሁ። እንባዬ ወንዙ ውስጥ ወረደ፤ ድምፅ ግን አላወጣሁም። ያንን ዝምታ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ቤት ስገባ አማቴን አስቀምጬ ነገርኳቸው። ቀለበቱንም አሳየኋቸው። ደረታቸውን በቀስታ መቱ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ዘጉት፣ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ያበራል።

«በይ፣ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ዬት አስቀመጣችሁት?»

«እማማ፣ ሞቷል።»

«ቀለበቱን ማምጣታችሁ ብልህነት ነው። ያለ ምልክት ማን ያምናል» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ማልኩላቸው፤ በማርያም ማልኩ። «ለሰው እንዲህ እያልሽ ማዪላቸው፤ ለኔ ግን ምን አስማለሽ?» አሉኝ። አለቀስኩ፤ «እንዲህ ነው ማልቀስ፣ ካስተማርኩሽ በላይ ሆንሽ» አሉኝ። ነፍስ አባቴ ፍትሐቱን በሹክሹክታ ሲያደርሱለት እንኳ አማቴ ቆመው በጥቅሻ አዩኝ። ከዚያ በኋላ ከበርበሬው ምርጡን ለብቻ በቅል ያስቀምጡ ጀመር። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ፈራሁ። ከካፒቴኑ ይልቅ የእሳቸውን ደስታ እፈራ ጀመር። ደግሜ መንገር ጀምሬ ስንት ጊዜ ተውኩት።

ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲሄድ አርበኞች በማንኩሳ መንገድ ገቡ። አገሩ በእልልታ ተናወጠ። አማቴ በማለዳ ተነሥተው ከላቸውን አውልቀው ጣሉ፤ ነጭ ለበሱ፣ ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀቡ። እኔን «አንቺም አውልቂ እንጂ፣ አሁን ማንን ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። አላወለቅሁም። መንገዱ ዳር ቆምን። ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ሰዎች፣ የሚያነክሱ፣ የሚፎክሩ፣ በበቅሎ የሚያልፉ፣ እናታቸውን አግኝተው የሚንበረከኩ። አማቴ እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። አንዱ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ መጀመሪያ እየሳቁ፣ ቆይተው ሳይስቁ። እጄን ይዘውኛል፤ እጃቸው እየቀዘቀዘ መጣ። መጨረሻ ላይ አቧራው ብቻ ቀረ፤ ሰውም ከአርበኞቹ ኋላ ወደ ገበያው ወረደ።

ወደ እኔ ዞሩ። ከሉን አዩት፣ ፊቴን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባንዳ አለ እንዴ እዚህ?»

«የለም እማማ።»

«ሰላይስ?»

«የለም። ያለነው እኔና አንቱ ነን።»

ግራ ቀኛቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉ።

«እንግዲያ ንገሪኝ» አሉ።